አድራሻዬ ያው ነው

ልብስ ሰፊዋ የባሏ አባት ከቤት ሊወጡ መሆኑን የሰማችው፣ አስወጪዋ ራሷ መሆኗን በሰማችበት በዚያው አፍታ ነው። ጠዋት ነበር። ክር ልታመጣ ወደ መኝታ ቤት ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ባሏ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ቆልፎ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ከታላቅ እህቱ ጋር ያወራል። እህትየዋን ቤተሰቡ በሙሉ እትዬ ነው የሚላት። «ነገርኩት እኮ» አለ ባሏ። «ምራትህ አልቻለችህም፣ በየቀኑ እኔን እየጨቀጨቀች መግቢያ አሳጣችኝ አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰም። አንቺ ብቻ አመሻሽ ላይ መኪናውን ይዘሽ ነይ፤ የአረጋውያን ማረፊያው ከጨለመ አይቀበልም።» ትንሽ አዳመጠና ሳቅ አለ፤ የሳቀው ደስ ብሎት ሳይሆን ሰው ከከባድ ነገር ሲገላገል እንደሚስቀው ነው። «ክፍሉንማ፣ አዎ፣ ተከራይ ተገኝቷል። ወሩ እንደገባ ይገባል።»

ክሩን ሳታነሳ ተመለሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ስሟ ነገር ሲፈጸም የመጨረሻዋ ሰሚ እሷ ሆነች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውሸቱ ባዶ ሜዳ ላይ አለመቆሙ ነበር። መጨቃጨቁንማ ትጨቃጨቅ ነበር፤ ያልሰማ ጎረቤት የለም። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሱቅና የሆቴል ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የቀራቸው ሬዲዮ ብቻ ነው። ሬዲዮ ሲባል ደግሞ ሰዉ ሁሉ የሚሰማው ኤፍ ኤም አይደለም፣ መካከለኛው ሞገድ ነው። ይኼ መካከለኛ ሞገድ ከተማ ውስጥ በጩኸት ከተዋጠ ቆይቷል፤ አዲሶቹ አምፖሎች ሲበሩ ይንጫረራል፣ የስልክ ቻርጀር ሲሰካ ያፏጫል፣ የእሷ የስፌት መኪና ሲነሳማ እንደተናደደ ንብ ነው። ሽማግሌው ያቃታቸው ቀን ተነስተው ግድግዳ ተደግፈው ሄደው የቤቱን መብራት ከነአካቴው ከቆጣሪው ያጠፋሉ። «አባባ! መርፌው እኮ ጨርቁ ውስጥ ነው!» ትላለች እሷ። «ትንሽ ታገሺኝ ሙሽሪት፣ ሊያልቅ ነው» ይላሉ። ካገባች አሥር ዓመት አልፏታል፤ ለእሳቸው ግን አሁንም ሙሽሪት ናት። አንድ ቀን ተበሳጭታ ለባሏ «ከዚያ ሬዲዮና ከእኔ አንዳችንን ምረጥ» ብላዋለች። ብላለች፣ አልካደችም። ሬዲዮው ይውጣ ከማለት ሰውየው ይውጡ እስከማለት ያለው ርቀት ግን የዋዛ አይደለም፤ ያን ርቀት የሄደው ባሏ ነው፣ በእሷ ጫማ።

ባሏ ወጣ። የጭነት መኪኖች ስምሪት ክፍል ነው የሚሠራው፤ «ደህና ዋይ» ሲላት ፊቷን አላየም፣ እሷም ቀና አላለችም። ለክሊኒክ የምትሰፋቸው ነጭ ጋዋኖች ወንበሩ ላይ ተቆልለዋል፤ ግማሾቹ ገና እጅጌ የላቸውም። የክሊኒኩ ግምጃ ቤት ኃላፊ ከማለዳ ጀምራ ትደውላለች። ስፌት መኪናዋ ጋ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። እጅጌ ገጥማ ስትጨርስ የግራውን ለቀኝ መስፋቷን አየችና ስፌቱን መተርተር ጀመረች። ልትነግራቸው ፈለገች፤ ግን ምን ብላ? «እኔ አይደለሁም» ካለች «ታዲያ ማን ነው?» ይከተላል። ሽማግሌው ሁለት ልጅ ነው ያላቸው፤ ሁለቱም እዚያ ስልክ ዳርና ዳር ላይ ነበሩ። ስሟን ለማጥራት የልጆቻቸውን ስም ማጥቆር ነበረባት።

በዚህ መሃል ስፌት መኪናዋ ቀጥ አለች። መብራቱ ጠፋ። ደሟ ፈላ፤ ጋዋኑን ወርውራ ወደ ሽማግሌው ክፍል ገባች። ሽማግሌው ግን እንደወትሮው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተኮራምተው አልነበረም። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከሰርጓ ወዲህ ያላደረጉትን ጫማ አድርገው፣ ሬዲዮዋን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። አልጋው ላይ ሻንጣ ተዘጋጅቷል። ራሳቸው እንዳዘጋጁት ከሸሚዞቹ አስተጣጠፍ ያስታውቃል። «ሰማሽ?» አሉ። «ሊዘጉት ነው። ማስተላለፊያው አርጅቷል፣ የሚሰማውም ሰው የለም ብለዋል። የሩቅ ሰው መልእክት የሚነበበው ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።»

የሩቅ ሰው መልእክት አመሻሽ ላይ የሚተላለፍ ዝግጅት ነው። ሰው ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄዶ ወይም ሰው ልኮ ቃሉን ያስጽፋል፤ አስተዋዋቂዋ ታነበዋለች፤ ስልክ የማይደርስበት ያለ ዘመድ ይሰማል። የሽማግሌው ታናሽ ወንድም በላይኛው ተራራ ደን ጠባቂ ነው፤ እዚያ እንኳን ስልክ ወሬም አይደርስም። ሁለቱ ወንድማማቾች ለዓመታት የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው፤ ታላቁ በሬዲዮ ይናገራል፣ ታናሹ እንጨት ጭነው በሚወርዱ ሾፌሮች አፍ ይመልሳል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን መልስ አልመጣም። «ነገ የት እንዳለሁ ሳልነግረው ቢዘጋ» አሉ ሽማግሌው፣ «ሰውየው ሊጠይቀኝ ቢወርድ በር አንኳኩቶ ይመለሳል። ልጄን ውሰደኝ ስለው በስልክ እንልክልሃለን አለኝ። ውሰጂኝ ሙሽሪት። ዛሬ እንኳ አታስቀይሚኝ።»

«ዛሬ እንኳ» የምትለዋ ቃል ሆዷ ውስጥ ገብታ ተሰነቀረች። የክሊኒኩ ስልክ እንደገና ጮኸ፤ አላነሳችውም። በመንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብላ ነው የተነሳችው።

አውቶቡሱ ታፍኗል። አንዱ ወጣት ለሽማግሌው ተነሳላቸው፤ እሷ ዘንጉን ይዛ አናታቸው ላይ ቆመች። ከፊት ሾፌሩ የኳስ ወሬ ከፍቷል፤ ተሳፋሪው አንገቱን ደፍቶ የየራሱን ስልክ ይነካካል፣ ግማሹ ጆሮውን ደፍኗል። «አባባ» ብላ ጀመረች፤ ጎበጥ ብላ ወደ ጆሯቸው ስትጠጋ አንዲት ወፍራም ሴትዮ በክርኗ ገፋቻት፣ ቃሉ ተመልሶ ገባ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል፤ ከውጭው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚታያቸው። «አደባባዩን ስናልፍ ንገሪኝ። ማዕዘኑ ላይ ያለው የዳቦ ቤት ታፔላ የእኔ እጅ ነው። ቀይ ፊደል፣ በወርቅማ የተከበበ። አለ?» አየች። በቀይ ፊደሉ ቦታ በቀን የሚበራ፣ የሚያጨበረብር የፕላስቲክ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «አለ» አለቻቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ውሸት እንዲህ ቀላል ኖሯል። አፏን የከፈተችው ለእሳቸው አዝና ነው፤ ግን ምናልባት ባሏም ይህንኑ ይል ይሆናል፣ አዝኜ ነው ይል ይሆናል። ይኼ ሐሳብ አናደዳት፤ ዘንጉን ለቃ እንደገና ያዘች።

ሬዲዮ ጣቢያው ከከተማው ጫፍ ነው። ሣር የወረሰው ሰፊ ግቢ፣ መሃሉ ላይ ሽቦ የወጠሩት ረጅም ምሰሶ፣ ከሥሩ ፍየል ይግጣል። ውስጥ ያለው ኮሪደር ረጅምና ጨለማ ነው፤ ግድግዳው ላይ የቀድሞ አስተዋዋቂዎች ፎቶ ተሰልፏል፣ አንዳንዱ ከመስተዋቱ ወደ ታች ሸርተት ብሏል። መልእክት መቀበያዋ መስኮት ተዘግታለች። ከጀርባዋ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ዕቃ ወደ ካርቶን ትከታለች። ልብስ ሰፊዋ መስተዋቱን አንኳኳች።

«ከትናንት ወዲያ ተዘግቷል፣ እቴ» አለች መልእክት ተቀባይዋ ቀና ሳትል። «የዛሬው ተጽፎ አልቋል። ከእንግዲህ በስልክ ነው። አፑን አውርዱና እዚያ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ዘመዳችሁም ያወርዳል።»

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው ወደ ድምፁ ዞረው፣ «ወንድሜ ከዚያ ተራራ የሚያወርደው እንጨት ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ እጇ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ቆመች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ሳታስበው ነው የመጣው፣ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። አጠገቧ ዕቃ ይሸከም የነበረ፣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የጣቢያው ወጣት ቴክኒሻንም ፈገግ አለ። «አባቴ፣ ክፋት አይደለም እኮ» አላቸው። «መለዋወጫ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። ማስተላለፊያው በወር የሚበላው መብራት አንድ ሰፈር ያበራል። ይኼን ሁሉ አውጥተን ማን እንደሚሰማን እንኳ አናውቅም።»

«እውነትህን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ስልክ ለምታውቀው ሰው ነው። ይኼ ለማታውቀው ነው።»

«ለማላውቀው ሰው ምን እለዋለሁ?» አለ ወጣቱ። መልስ የፈለገበት ጥያቄ አልነበረም፤ ካርቶኑን ተሸክሞ ሄደ። መልእክት ተቀባይዋ መስኮቱን ከፍታ ከካርቶኑ ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ መልሳ አወጣች። «በሉ ቶሎ ይበሉ» አለች። «አጠር አድርጉት፣ ይቆጡኛል።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዱት እንደነበር ያስታውቃል፣ ሳይደናቀፉ ነው ያስጻፉት። «በላይኛው ደን ለምትገኘው ወንድሜ። በሕይወት አለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በልጄ ቤት አልገኝም፣ የአረጋውያን ማረፊያ ልገባ ነው። ምራቴ አልቻለችኝም። አስመርሬያት ነው፣ እውነት አላት፤ አንተም አትቀየማት።»

የመልእክት ተቀባይዋ እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብላ ልብስ ሰፊዋን በመነጽሯ አናት አየቻት፤ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ይመስል የቆመ ዘበኛም አያት። ልብስ ሰፊዋ ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ጋለች። ጎረቤት ሊሰማው ያልተገባ ነገር አሁን ተራራ ሊሻገር ነው። ሾፌሮች ይሰሙታል፤ ጋዋን የምትሰፋላቸው ሰዎች አባቶች ይሰሙታል፤ የማታውቀው አገር የማታውቀው ሰው «ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነቷ ናት!» ይላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ልትናገረው ስትሞክር የዋለችው ነገር እንዴት እንደሚወጣ ግን ራሷም አላወቀችም ነበር።

«እሱን ሰርዢው» አለች።

«ምኑን?»

«በሕይወት አለሁ ከሚለው በኋላ ያለውን ሁሉ። አድራሻዬ ያው ነው ብለሽ ጻፊ።»

መልእክት ተቀባይዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። እጃቸው የካፖርታቸውን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል። ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ቦታ ካርቶን ወድቆ ተንኮሻኮሸ። ልብስ ሰፊዋ የባሏን ስም አልጠራችም፣ የእትዬንም፣ የተከራዩንም። «አባባ፣ ከቤት አይወጡም» አለች ብቻ። «ያለኔ ፈቃድ በእኔ ስም አይወጡም።»

«ያለችውን ጻፊ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ ተበላሽቶ ተሳፋሪው ወረደ። ዝግጅቱ የሚጀምርበት ሰዓት ደርሷል። ሽማግሌው ቤት እስክንደርስ ያመልጠናል ብለው ስለተጨነቁ ከመንገዱ ወጣ ብለው ቤት ካልተሠራበት ባዶ መሬት ላይ አንድ የግንብ ፍራሽ አግኝተው ተቀመጡ። መብራት ስለሌለ ይሆናል፣ ሬዲዮዋ ጥርት አለች። እሷ አልተቀመጠችም፤ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል፣ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ክሊኒኩ ይሁን ባሏ አላየችም።

«አንቺ እንዳላልሽ አውቅ ነበር» አሉ ሽማግሌው ድንገት።

ቆመች።

«ልጄ ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው። ልክ እንደነገረኝ አውቄዋለሁ።» ሬዲዮዋን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሯት። «ልጆቼ ናቸው ከምል አንቺ ነሽ ብል ቀለለኝ። ይኼው ነው።»

ይቅርታ የሚጠይቁ መስሏት ጠበቀች፤ ሽማግሌው ግን ሌላ አልጨመሩም። ቀኑን ሙሉ ስትጠነቀቅላቸው፣ ልባቸው እንዳይሰበር ቃል ስትመርጥ መዋሏ ትዝ አላትና ያልጠበቀችው ንዴት መጣባት። «ለእኔስ?» አለች። «ለእኔስ ይቀለኛል ወይ ብለው አልጠየቁም?» ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ድልድዩ ላይ መኪና ጥሩንባ ይነፋል፣ የተበላሸው አውቶቡስ ሾፌር ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ይሳደባል። አስተዋዋቂዋ ማንበብ ጀመረች። አንዲት እናት የወታደር ልጇን ጤና ትጠይቃለች፤ አንዱ እህቱ መውለዷን ያበስራል፤ አንዱ ስለ ድንበር ክርክር የቀጠሮ ቀን ይናገራል። ከዚያ ያ የለመዱት፣ ትንሽ የሰለቸው፣ የማይቸኩል ድምፅ አነበበው። «በላይኛው ደን ለምትገኘው ወንድሜ። በሕይወት አለሁ። አድራሻዬ ያው ነው።» ሌላ መልእክት ተከተለ። ማን ሰማው፣ ማን አልሰማውም፣ ወንድምየው በሕይወት ይኑር አይኑር፣ የሚነግራቸው አልነበረም። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው አየሩ ላይ ፈለጓት፤ ክንዷን ሰጠቻቸው፣ ተነሱ። ንዴቷ ግን አልበረደም።

ቤት ሲደርሱ ባሏ ቀድሟቸው ገብቷል። የስምሪት ክፍሉ አሮጌ ሾፌሮች አሁንም መካከለኛ ሞገድ ከሚሰሙት ጥቂቶች ናቸው፤ አንደኛው «አባትህ አሉ፣ ሰማናቸው፤ ድምፃቸውን እንኳ ባንሰማ ቃላቸውን ሰማን፣ እግዜር ያቆይልህ» ብሎ ጀርባውን ቸብ አድርጎታል። ሽማግሌው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ባሏ ማዕድ ቤት ድረስ ተከተላት። «የቤታችንን ገመና በአደባባይ አወጣሽው?» አላት ድምፁን አፍኖ።

«ገመና አላወጣሁም። አድራሻ ነው ያወጣሁት።»

ራት እንደቀረበ እትዬ መጣች። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ገባ፤ የመኪናዋን ቁልፍ ጣቷ ላይ እያሽከረከረች፣ ሳትቀመጥ፣ «አባዬ ተነስ እንጂ፣ ይጨልምብናል» አለች። ሽማግሌውና ባሏ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሾርባና ዳቦ አቅርባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እትዬ ሻንጣውን ከክፍሉ ይዛ ወጣች። «ለአንተው ብለን እኮ ነው፣ አባዬ። እዚያ ሐኪም አለ፣ ጓደኛ አለ። እዚህ እንደሆነ እሷ አልቻለችም፤ ሰው የማይችለውን አይገደድም።»

«ምን ስትል ሰማሻት?» አሉ ሽማግሌው።

እትዬ ወደ ወንድሟ አየች። ባሏ ማንኪያውን ያዘ፣ አስቀመጠ። የቤቱ ማቀዝቀዣ ተነስቶ ማንሾካሾክ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ከግድግዳው አልተላቀቀችም። ቀኑን ሙሉ ስትናገር የዋለች ያህል ደክሟት ነበር፤ ደግሞም ይህን ቃል እሷ ልታጎርሰው አልፈለገችም፣ ራሱ ያውጣው አለች።

«እሷ አላለችም፣ አባዬ» አለ ባሏ። ዓይኑ ሳህኑ ላይ ነው። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «በል ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ታዲያ ለሰውየው ምን ልንለው ነው?» አለች እትዬ። ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው አፏን የያዘችው።

«ለየትኛው ሰውዬ?»

እትዬ ሻንጣውን በሩ ሥር አስቀምጣ፣ ቁልፏን ጨብጣ፣ «ደህና እደሩ» ሳትል ወጣች። የመኪናዋ ሞተር ተነሳ፣ በመንገዱ ላይ ራቀ። ባሏ ሾርባውን ይጠጣል፣ ሽማግሌው ዳቦ ይቆርሳሉ፤ የዳቦውን ሳህን ወደ አባቱ እጅ ያስጠጋው ልጅየው ነው። ልብስ ሰፊዋ ከግድግዳው ጋር ቆማ አየቻቸው። አንደኛው ዋሸባት፣ አንደኛው ውሸቱን እያወቀ ተቀበለባት፤ አሁን ሁለቱም ታርቀው ይበላሉ። ቁጭ በይ ያላት ግን አልነበረም።

ወንበር ስባ በሁለቱ መሃል ተቀመጠች፣ ሾርባውንም ወደ ራሷ አስጠጋች።